ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዳሞት ምድር

ዳሞት የሚለውን ስም የሰማ የዛሬ ሰው አሳቡ ወደ ጎጃም ይሄዳል። በጻድቁ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ግን ዳሞት ይባል የነበረው ከዓባይ በስተ ደቡብ የተዘረጋው ሰፊ አገር ነው። የጉደር ወንዝ ወደ ዓባይ የሚወርድበት ምድር፥ ዛሬ አምቦን፥ ጉደርንና ጌዶን የመሰሉ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሚገኙበት ወገን ሁሉ በዚያ መንግሥት ጥላ ሥር ነበረ። ስሙ ወደ ሰሜን የተሻገረው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ይኸውም በኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት ምክንያት የአገሩ ሰዎች ዓባይን ተሻግረው በጎጃም በሰፈሩ ጊዜ ነው። ስለዚህ የጻድቁን ጉዞ በልቡናው ሊከተል የሚወድ ምእመን ፊቱን ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ፥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ወደ ነበረችው ወደ አምቦ መንገድ ያዙር።

አባታችን በጽላልሽ ከካህኑ ከጸጋ ዘአብና ከእግዚእ ኀረያ ተወለዱ። የዳሞት ስም ግን ወደዚያ ቤት የገባው ከልጁ መወለድ በፊት ነው። ገድላቸው እንደሚነግረን፥ የዳሞት ገዥ ሞተለሚ ሠራዊቱን አስከትሎ ሸዋን በወረረ ጊዜ ካህኑ ጸጋ ዘአብ ከሚያሳድዳቸው ፈረሰኛ ሸሽተው ወደ ውኃ ገቡ፤ በመልአኩም ጥበቃ ተረፉ። እግዚእ ኀረያ ግን ተማርከው ወደ ዳሞት ተወሰዱ። ሞተለሚ መልካቸውን አይቶ ሊያገባቸው ድግስ ባዘጋጀበት ሰዓት ቅዱስ ሚካኤል ነጥቆ ወደ አገራቸው መለሳቸው፤ ባላቸውንም በቤተ መቅደስ ሲያጥኑ አገኟቸው። ሕፃኑ የተፀነሰው ከዚህ በኋላ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ልጅ ይህን ታሪክ ሳይሰማ አደገ ማለት ያስቸግራል። ሞተለሚ ለእርሳቸው የሩቅ አረማዊ ንጉሥ ብቻ አልነበረም፤ እናታቸውን የማረከ ሰው ነበረ።

ፍሥሐ ጽዮን በሚባል የልጅነት ስም አድገው፥ ዲቁናና ቅስና ተቀብለው በአባታቸው ቤት በሀብት ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ለአደን በወጡበት በረሃ ጥሪው መጣላቸው፤ ስማቸውም ተክለ ሃይማኖት ተባለ። ያን ጊዜ ገንዘባቸውን ለድሆች በትነው፥ የቤታቸውን ደጅ እንደ ተከፈተ ትተው ወጡ። በሩን ለምን አልዘጉትም ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ ሊመለስ ያላሰበ ሰው ቤቱን ለማን ብሎ ይቆልፋል? በመጀመሪያ ከታታ በሚባለው አገር አስተማሩ፤ በዚያም ሕዝቡ ያመልከው የነበረ ዛፍ በጸሎታቸው ከሥሩ እንደ ተነቀለ ገድሉ ይመሰክራል። ቀጥለው ወደ ዳሞት ተሻገሩ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ያን መድረስ አስበው። ዳሞት በወርቅ የታወቀ፥ የጎረቤቱን አገር ያስገብር የነበረ ብርቱ መንግሥት ነው። የገባው እንግዳ ግን በትርና መስቀል ብቻ የያዘ አንድ ቄስ ነው። ይህን ነገር በዓመታቱ መመርመር ይገባናል። ዐፄ ይኵኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ገደማ ከነገሡ በኋላም ዳሞት ብዙ ዘመን በራሱ ኃይል ቆየ፤ ዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘምተው ያስገበሩት በ1309 ዓ.ም. ገደማ፥ ጻድቁ ካረፉ በኋላ ነው። ስለዚህ አባታችን ወደ ዳሞት በደረሱ ጊዜ ከኋላቸው የሚከተል ጦር፥ ስለ እነርሱም የሚበቀል ንጉሥ አልነበረም። ከሠራዊቱ አስቀድሞ የደረሰው ወንጌሉ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎች በዘመቻው ላይ ሲያተኩሩ ይህን ቅደም ተከተል አንዳንድ ጊዜ ይዘነጉታል።

በዳሞት ያገኙት ሕዝብ በጠንቋዮችና በሟርተኞች ቃል ይወጣና ይገባ ነበር። ጠንቋዮቹ እንግዳው የኑሮአቸውን መሠረት የሚነቅል መሆኑን ፈጥነው አወቁ፤ በንጉሡም ዘንድ ከሰሱአቸው። ሞተለሚ ቶማ ገራር ከሚባለው ገደል አስወረወራቸው። በተወረወሩ ቍጥር ቅዱስ ሚካኤል ተቀብሎ ያለ ጉዳት ያቆማቸው ነበርና፥ ንጉሡ በመጨረሻ አመነ። እናትየውን የማረከው እጅ በልጅየው እጅ ተጠመቀ።

ከዚህ በኋላ የሆነው በእኔ አስተያየት ከገደሉ ተአምር አያንስም። ንጉሥ ያጠመቀ መምህር ከዚያ ወዲያ ከማንም የሚማረው አለ ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። አባታችን ግን ወደ አማራ አገር ወጥተው በአባ በጸሎተ ሚካኤል ገዳም እንደ ጀማሪ ረድእ አገለገሉ፤ ከዚያም በሐይቅ እስጢፋኖስ በአባ ኢየሱስ ሞዐ እግር ሥር ተቀመጡ። ወደ ትግራይም ተሻግረው ደብረ ዳሞን ተሳለሙ። በመጨረሻ ወደ ሸዋ ተመልሰው በደብረ አስቦ ዋሻ ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው እስኪቈረጥ ተጋደሉ፤ በነሐሴ 24 ቀንም ዐረፉ። ደብረ አስቦን ደብረ ሊባኖስ ያሉት በኋላ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው።

ዳሞትም እንዲሁ አልተተወም። በአቡነ ያዕቆብ ጵጵስና፥ አቡነ ፊልጶስ የደብረ አስቦ መምህር ሳሉ፥ የሸዋና የአካባቢው አገሮች ለጻድቁ ልጆች ለስብከት በተከፋፈሉ ጊዜ ዳሞት ለአባ አድኃኒ ደረሰ። የሞተለሚም ስም አልጠፋም፤ የወላይታ ሽማግሌዎች በነገሥታታቸው ትውልድ መካከል እስከ ዛሬ ይቈጥሩታል፥ ያጠመቁትንም አባት ስም አብረው ያነሣሉ።