የእንዶዱ ሊቅ፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ

እኛ በጉለሌ ያደግን ልጆች እንዶድን የምናውቀው በልብስ ማጠቢያነቱ ነው። አያቴ ፍሬውን አድርቃና ወቅጣ ጋቢ ስታጥብበት አይቻለሁ። ይኸው ፍሬ የሰው ሕይወት ሊያድን የሚችል መሆኑን የተረዳሁት ግን የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ከመረመርኩ በኋላ ነው።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት በ1935 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ወደ አሜሪካ ተሻግረው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ አገራቸውን ለማገልገል ተመለሱ። በ1964 ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሊያጠኑ አድዋ ወረዱ። የዚህ በሽታ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ አስቀድሞ የሚራባው በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። ዶክተሩም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች፣ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሞተው ሲንሳፈፉ አዩ። ከአንዲት ሴት የእንዶድ አረፋ ለምነው በሕይወት ባሉት ላይ ቢያስጨምሩ፣ እነዚያም ጥቂት ቆይተው ሞቱ።

በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን በዩኒቨርሲቲው አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ወንዞች እንዶድ ሲጨመር፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ በሽታው ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 7 ወረደ።

ይሁን እንጂ አንድ ታላቅ እንቅፋት ገጠማቸው። ይኸውም እንዶድ ሰውንና ከብትን እንደማይጎዳ በዓለም ደንብ የተመዘገበ ማስረጃ አለመኖሩ ነው። ማስረጃ ከሌለ ገንዘብ የለም፤ ገንዘብ ከሌለ ደግሞ ፈተናው አይደረግም። እንዲህ እየተባለ ብዙ ዓመት አለፈ፤ ሕፃናቱ ግን በዚያው ውሃ መታመማቸውን አልተዉም። በመጨረሻ በ1980ዎቹ በካናዳ የምርምር ድርጅት እርዳታ ፈተናው ተጀመረ። ውጤቱም ዓይንን ከማቃጠሉ በቀር ለሰው የሚያሰጋ አለመሆኑን አመለከተ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 ዐረፉ፤ ያቋቋሙት ኢንስቲትዩትም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

በዘመናችን ለዚህ ዓይነቱ ችግር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተዘጋጅቶለታል። ፕሮግራሙ ያልተፈተነውን ንጥረ ነገር አሠራር ተመልክቶ፣ አስቀድሞ የተፈተኑ ዘመዶቹን ይፈልጋል፤ ከእነርሱም ጠባይ ተነሥቶ የጎደለውን ይገምታል። የእንዶድ መርዝ በዶክተሩ ስም ለማቶክሲን ተብሏል፤ ወገኑም ሳፖኒን ከሚባሉት ነው። ሳፖኒኖች ዓሣን እንደሚገድሉ ስለሚታወቅ፣ ፕሮግራሙ ከወዲሁ ሊያስጠነቅቅ ይችላል። ነገር ግን የእንዶድ ፍሬ የብዙ ነገሮች ድብልቅ ነው። ስለዚህ ግምት ፈተናን አይተካም፤ የትኛው ፈተና እንደሚቀድም ይጠቁማል እንጂ። ዓመታትን ለማትረፍ ግን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ትምህርት ቤት ስመላለስ በሠፈራችን ባለው በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በር አልፋለሁ። ዶክተር አክሊሉ ያጡት ዕውቀት አልነበረም፤ ዕውቀታቸውን በዓለም ፊት የሚያቆም ማስረጃ ነበር። እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ኬሚስትሪንና ኮምፒዩተርን አጣምረን ብንማር፣ በአጥራችን ሥር ለሚበቅለው መድኃኒት ራሳችን ምስክር ልንሆንለት እንችላለን።