ሎራ ኢንጋልስ ዋይልደር፦ ከዶሮ ርባታ እስከ መጽሐፍ

አሜሪካዊቷ ደራሲ ሎራ ኢንጋልስ ዋይልደር የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ታትሞ ለአንባቢ ሲደርስ የ65 ዓመት አዛውንት ነበሩ። እስከዚያ ድረስ የሚተዳደሩት በእርሻ ነበር። ልጆች ለትውልድ ሲቀባበሏቸው የኖሩት መጽሐፎቻቸው በአንበጣ፣ በድርቅና በዕዳ ከተፈተነ የገበሬ ኑሮ የተገኙ ናቸው።

ሎራ እ.አ.አ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1867 በዊስኮንሲን ግዛት፣ ፔፒን ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። አባታቸው ቻርልስ ኢንጋልስ የተሻለ መሬት ፍለጋ ቤተሰባቸውን በሠረገላ ጭነው ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩ ገበሬ ነበሩ። በ1869 ካንሳስ ውስጥ የሰፈሩበት መሬት የኦሴጅ ነባር ሕዝብ ይዞታ በመሆኑ ለመኖር ሕጋዊ መብት አልነበራቸውም። በ1871 ያንን ስፍራ ለቀው ወደ ዊስኮንሲን ተመለሱ።

በ1874 ቤተሰቡ በሚኒሶታ ግዛት ዋልነት ግሮቭ አካባቢ ስንዴ ማምረት ጀመረ። በዚያው ዘመን የሮኪ ተራሮች አንበጣ አካባቢውን በተከታታይ ወረረው። መንጋው ሰብሉን በልቶ ብቻ አልሄደም፤ በመሬት ውስጥ የጣለው እንቁላል ሲፈለፈል ቀጣዩን ቡቃያም አጠፋ። አባት ቤተሰባቸውን ለመመገብ በእግራቸው ወደ ምሥራቅ ተጉዘው በሌሎች ገበሬዎች ማሳ ላይ በአጨዳ ተቀጠሩ። በ1876 እርሻውን ሸጠው አካባቢውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት የዘጠኝ ወር ሕፃን ልጃቸውን በሞት አጡ።

ከሦስት ዓመት በኋላ የሎራ ታላቅ እህት ሜሪ በሕመም ምክንያት ዓይኗ ታወረ። ቤተሰቡ ወደ ዳኮታ ግዛት ተሻግሮ ደ ስሜት በተባለችው አዲስ ከተማ አቅራቢያ መሬት ያዘ። በ1880 እና በ1881 መካከል በነበረው ክረምት በረዶው የባቡሩን መንገድ ዘጋ፤ ከተማዋ ለወራት ያለ ስንቅ ቀረች፤ ቤተሰቡም ስንዴ በቡና መፍጫ እየፈጨ ከረመ። ሎራ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እያሉ በገጠር ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ፤ ደመወዛቸውም ሜሪ በአይዋ ግዛት በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ትምህርቷን እንድትቀጥል አገዘ።

በ1885 አልማንዞ ዋይልደር የተባለውን ገበሬ አገቡ። የትዳራቸው የመጀመሪያ ዓመታት የመከራ ነበሩ። አንድ ዓመት የደረሰውን ስንዴ በረዶ መታው፤ ቀጥሎም ድርቅ መጣ፤ ዕዳውም ከዓመት ዓመት ተከማቸ። በ1888 ባልና ሚስቱ ዘጊ አንዳ በተባለው የጉሮሮ በሽታ ተያዙ፤ አልማንዞም ከዚያ በኋላ እግሩ እንደ ቀድሞው አልታዘዘውም። በ1889 ወንድ ልጃቸው በጨቅላነቱ ሞተ፤ በዚያው ወር ቤታቸው በእሳት ወደመ።

በ1894 ከሴት ልጃቸው ከሮዝ ጋር በሠረገላ ተጉዘው ሚዙሪ ግዛት ማንስፊልድ ደረሱ። በእጃቸው የነበረው 100 ዶላር ሎራ በቀን አንድ ዶላር እየተከፈላቸው በልብስ ስፌት ካጠራቀሙት የተገኘ ነበር። በዚህ ገንዘብ ቅድሚያ ክፍያ ፈጽመው 40 ኤከር፣ ማለትም 16 ሄክታር ገደማ የሚሆን ድንጋያማ መሬት ገዙ፤ ስሙንም ሮኪ ሪጅ አሉት። የፖም ችግኙ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ስለሚፈጅ ባልና ሚስት ባለ ሁለት እጀታ መጋዝ ይዘው ዛፍ እየቆረጡ ማገዶ ሸጡ። የሎራ ዶሮዎች እንቁላልም ለቤቱ ገቢ ሆነ። እርሻው ቀስ በቀስ ሰፍቶ ወደ 200 ኤከር ደረሰ።

ወደ ጽሑፍ የወሰዳቸውም ይኸው የዶሮ ርባታ ነው። ስለ ዶሮ አያያዝ ለገበሬዎች ስብሰባ ያዘጋጁት ጽሑፍ የሚዙሪ ሩራሊስት ጋዜጣ አዘጋጅን ትኩረት ሳበ፤ ከ1911 ጀምሮም በጋዜጣው ላይ መጻፍ ጀመሩ። በጽሑፎቻቸው የገበሬ ሚስት የእርሻው ሙሉ ሸሪክ እንደሆነች፣ የወጥ ቤት ድካም በጥሩ አሠራር ሊቀል እንደሚችልና በቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ በገቢ ስሌት ውስጥ ሊገባ እንደሚገባ አስረዱ።

በዚህም አላበቁም። ገበሬዎች ከፌዴራል መንግሥት የእርሻ ብድር የሚያገኙበትን የማንስፊልድ ማኅበር በጸሐፊነትና በገንዘብ ያዥነት ለዓመታት አገለገሉ። በዕዳ መሬት ማጣት ምን እንደሆነ ከራሳቸው ኑሮ የሚያውቁት ሴት፣ ረጅም ጊዜና ዝቅተኛ ወለድ ያለው ብድር ለጎረቤቶቻቸው እንዲደርስ ሰነዱን ያዘጋጁና መዝገቡን ይይዙ ነበር።

በ1929 የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅ ያጠራቀሙት ገንዘብ ጠፋ። ሎራ የልጅነት ትዝታቸውን በእርሳስ ጻፉት፤ አሳታሚዎች ግን አልተቀበሉትም። ደራሲ ከነበረችው ልጃቸው ከሮዝ ጋር ጽሑፉን ለልጆች እንዲሆን ደግመው ሠሩት። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1932 ታተመ፤ እስከ 1943 ድረስም ስምንት ደረሱ። የሮዝ እጅ ምን ያህል እንደነበረበት ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። መጽሐፎቹ ነባር ሕዝቦችንና ጥቁሮችን የገለጹበት መንገድም ተተችቷል፤ በ2018 የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር የልጆች አገልግሎት ክፍል በስማቸው ይጠራ የነበረውን ሽልማት ስያሜ ለውጧል።

አልማንዞ በ1949 በ92 ዓመታቸው ሞቱ። ሎራም በሮኪ ሪጅ ቆይተው 90ኛ ዓመታቸውን ባከበሩ በሦስተኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1957 አረፉ። ባልና ሚስቱ ለዓመታት የገነቡት የእርሻ ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ጎብኚዎችን ያስተናግዳል።