ሰው ሊያስልክ ሄዶ ራሱ ተላከ

ከእኛ ከአሶሳ ወደ ደቡብ፣ ጋምቤላ ላይ፣ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮቿን የምታሠለጥንበት ኮሌጅ አለ። ስሙ ቅዱስ ፍሬምናጦስ ነው፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ማለት ነው።

በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ ገና ልጅ ሳለ፣ ቀይ ባሕር ዳርቻ የመርከቡ ሰዎች ተገደሉ። እሱና ወንድሙ ዛፍ ሥር ሲያጠኑ ተገኝተው ተረፉ ይባላል፤ አክሱም ቤተ መንግሥት ገብተው አገለገሉ። በኋላ ነፃ ሲለቀቁ ወንድሙ ወደ ጢሮስ ተመለሰ። ፍሬምናጦስ ግን እስክንድርያ ሄዶ ለአክሱም ጳጳስ እንዲላክ ጠየቀ። ሊቀ ጳጳሱ አትናቴዎስ እሱኑ ሾሞ መለሰው።

ለምን እሱን? ቋንቋውንም ሰዉንም ያውቅ ነበራ! በርታኛ፣ ጉሙዝኛና ሺናሽኛ በሚነገርበት ክልላችንም፣ ለእኔ፣ አገልጋይ ከሩቅ ከመጠበቅ የመንደሩን ልጅ አስተምሮ መመለስ ይሻላል።