ቢላል ድምፁ የተያዘበት ዘመን

ለንደን ውስጥ ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ ከሟቹ ይልቅ የምናለቅሰው ለራሳችን ነው። ያገሩን አፈር ሳይረግጥ ቀረ እንላለን። በሆዳችን ግን እኛስ እዚህ ምን እየሠራን ነው፣ መጨረሻችንስ ምን ይሆን የሚለው ፍርሃት ይመላለሳል። ሰሞኑን ከአንድ ለቅሶ ተመልሰን የቢላልን ታሪክ እንደገና የገለጥነው በዚሁ ስሜት ነበር (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ቢላል ኢብን ረባህ ከሐበሻይቱ እናቱ ከሐማማ በባርነት የተወለደ ሰው ነው። ዛሬ እዚህ እንደምናሳድጋቸው ልጆች፣ ሐበሻነቱ ከእናቱ የመጣ እንጂ ያደገበት አገር መካ ነበር። እስልምናን ቀድመው ከተቀበሉት አንዱ በመሆኑ ጌታው ኡመያ ኢብን ኸለፍ በቀትር ፀሐይ በጋለ አሸዋ ላይ አስተኝቶ ደረቱን በትልቅ ድንጋይ ያስጭነው ነበር። እምነቱን እንዲክድ ሲታዘዝ መልሱ የአላህን አንድነት መናገር ብቻ ሆነ። እስልምና ሰው የተፈጠረው ለአላህ ሊገዛ ነው ይላል። ይህ ቃል ባርነትን በቆዳው ለሚያውቅ ሰው ምን ማለት እንደነበር እናስበው፤ ለአንዱ ከተገዛ የኡመያ ንብረት መሆኑ አበቃ ማለት ነው።

በ615 የመካ ስደተኞች ወደ እናቱ አገር፣ ወደ አክሱሙ ንጉሥ ሲሸሹ ቢላል አብሯቸው አልነበረም። አቡበከር ገዝተው ነጻ አወጡት። ከ622ቱ ስደት በኋላ በመዲና የመጀመሪያው አዛን አድራጊ ሆነ። በ630 መካ ስትያዝም በካዕባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የቁረይሽ ባላባቶች እየሰሙ አዛን አሰማ።

በ632 ነቢዩ ሙሐመድ አረፉ። ከዚያ ወዲያ አዛኑ ውስጥ ስማቸው ጋ ሲደርስ ሳግ እየተናነቀው መጨረስ እንዳቃተው ይተረካል። ወደ ሻም፣ ወደ ዛሬዋ ሶርያ ሄደ።

በመንግሥት ጋዜጣ ላይ ዓመታት ያሳለፍን እኛ ድምፃችንን ያጣነው በሌላ መንገድ ነው። ከላይ የታዘዘውን እያረምን ስናወጣ ኖረን፣ ስደት ላይ የሚያዘን ሲጠፋ የምንጽፈውም ጠፋን። ለማን እንደምንጽፍ ሳናውቅ ያሳለፍናቸው ክረምቶች ነበሩ። ቢላል ግን ድምፁ ቢያዝም ይኖርለት የነበረው ነገር አልተወሰደበትም። ቀድሞም ድምፁን የሰጠው ለሚያዘው ሰው አልነበረማ!

ኸሊፋው ዑመር ወደ ሻም በመጡ ጊዜ ለምነውት አንዴ አዛን አደረገ፤ የመዲናን ዘመን የሚያስታውሱት ሁሉ አለቀሱ ይባላል።

በ640 አካባቢ ደማስቆ ላይ ታሞ ተኛ። ሚስቱ ሐዘን ደረሰብኝ ብላ ስታለቅስ እሱ የደስታ ቀን መሆኑን፣ ነገ ነቢዩንና ወዳጆቹን እንደሚያገኝ እንደነገራት ይተረካል። መቃብሩ ከእናቱም አገር፣ ከመካም፣ ከመዲናም ርቆ በደማስቆ ባብ አስ-ሰጊር ነው ይባላል፤ ሰዎች ዛሬም ይጎበኙታል።