አል-ኸሊል ኢብኑ አሕመድ፦ የፊደላትን ቋጠሮ የፈቱት ዓሊም

የአእምሮ መፈተኛ ጥያቄ በካምፓሳችን ወዳጅ አያጣም። አንዱ የቁጥር ተከታታይ ጽፎ ቀጣዩን አምጡ ይላል፤ ሌላው ፊደሎቹ የተዘበራረቁበት ቃል ያቀርባል። ቶሎ የመለሰ ጎበዝ ይባላል። በዚህ እትም የምናነሳቸው ዓሊም ግን ለአንድ ቋጠሮ አንድ ወር ሙሉ ዘግተው ተቀምጠዋል ይባላል።

ኢማም አል-ኸሊል ኢብኑ አሕመድ አል-ፈራሂዲ (ረሒመሁላህ) በ100 ዓመተ ሂጅራ ገደማ፣ ማለትም በ718 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ በዑማን ተወለዱ፤ ኑሯቸውና ትምህርታቸው በበስራ ነበር። ነሕው የቀራ ደረሳ ስማቸውን ባያውቅ እንኳ ሥራቸውን ያውቀዋል፤ የሲበወይህ መምህር እርሳቸው ናቸው። በቁርኣን ላይ የምናያቸው የፈትሓ፣ የከስራና የዶማ ምልክቶችም ለእርሳቸው ይሰጣሉ።

ዙበይዲ እንደዘገቡት የግሪኮች ንጉሥ በግሪክኛ የተጻፈ ደብዳቤ ላከላቸው። ኢማሙ ከወር በኋላ ፈትተው ወጡ። እንዴት እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ደብዳቤ በአላህ ስም ወይም ይህን በሚመስል ቃል መጀመሩ አይቀርም ብለው እንደተነሱ፣ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት በዚያ ላይ መሥርተው ሌላውን እንዳስከተሉ ተናገሩ። ከ1,000 ዓመት በላይ ቆይቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመኖችን ኢኒግማ የፈቱት ሰዎችም በመልእክቱ ውስጥ ሊኖር የሚችለውን ቃል ገምተው ይነሱ ነበር።

ትልቁ ቋጠሮ ግን ሌላ ነው። የዐረብኛን ቃላት በሙሉ ለመሰብሰብ የሰማውን ብቻ እየጻፈ የሚሄድ ሰው ዕድሜው ያልቃል፤ ምን እንደቀረውም አያውቅም። ኢማሙ ጥያቄውን ገለበጡት። በ28ቱ ፊደላት ሊኖሩ የሚችሉትን ሥሮች ሁሉ በስሌት አስቀደሙ። ፊደል ሳይደገም ባለ ሁለት ፊደል ሥር 28 ጊዜ 27፣ ማለትም 756 ይሆናል። ባለ ሦስት 19,656፣ ባለ አራት 491,400፣ ባለ አምስት 11,793,600 ነው። ከእርሳቸው የተላለፈው ድምር 12,305,412 ነው። ካልኩሌተር የያዘ ተማሪ በደቂቃ ያባዛዋል፤ ከባዱ ጥያቄውን እንዲያ ማየቱ ነበር።

ለምሳሌ ካፍ፣ ታእና ባእ በስድስት ዓይነት ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ከተበ ጻፈ፣ ከበተ አዋረደ፣ በተከ ቆረጠ፣ በከተ ገሠጸ ነው። ዐረቦች የሚጠቀሙበትን ሙስተዕመል፣ የተዉትን ሙህመል አሉት። ፊደሎቹንም ከጉሮሮ ጥልቀት ወደ ከንፈር አሰልፈው ከዐይን ጀመሩ፤ ኪታቡል ዐይን የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ኪታቡን የጨረሱት ተማሪያቸው ለይስ ናቸው የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

አንድ ሌሊት ከኢብኑል ሙቀፈዕ ጋር ሲጨዋወቱ አደሩ። በማግስቱ ስለ እንግዳቸው ሲጠየቁ ዕውቀቱ ከአእምሮው እንደሚበልጥ መሰከሩ፤ ኢብኑል ሙቀፈዕ ደግሞ የኸሊል አእምሮ ከዕውቀታቸው እንደሚበልጥ ተናገረ። ሁለቱን ለይቶ መመዘኑ በውጤት ብቻ ለምንለካካው ለእኛ ትንሽ የሚቆጠቁጥ ነው።

የዚህ ሁሉ አእምሮ ባለቤት በበስራ የሚኖሩት በሸምበቆ ጎጆ ነበር፤ ተማሪዎቻቸው ግን ከእርሳቸው በቀሰሙት ዕውቀት ገንዘብ ያገኙ ነበር። የአህዋዙ ገዢ ሱለይማን ኢብኑ ሐቢብ መልእክተኛ ልኮ ሲያስጠራቸው ለመልእክተኛው ደረቅ ዳቦ አሳዩት፤ ይህ እስካለ ድረስ ሱለይማን እንደማያስፈልጋቸው ነገሩት። ስለ ዑለማ ድህነት የሚነገር ወሬ ብዙ ነው፤ ይህኛው ግን ደመወዛቸውን አስቆርጧቸዋል።

አሟሟታቸውን ኢብኑ ኸሊካን ጽፈውታል። ገበያ የተላከች አገልጋይ ሴት በባለ ሱቁ እንዳትታለል የሚያደርግ ቀላል የሒሳብ ዘዴ ለማውጣት ፈለጉ። በዚያ ሐሳብ ተውጠው መስጂድ ሲገቡ ከምሰሶ ጋር ተጋጩና በጀርባቸው ወደቁ፤ ለሞታቸውም ምክንያት ሆነ። ሞታቸውን አንዳንዶች በ170፣ ሌሎች በ175 ዓመተ ሂጅራ ያደርጉታል።