ካርል ኮለር

በዛሬው ጊዜ ጥርሱን የሚያስነቅል ሰው ድዱን ተወግቶ ጥቂት ይጠብቃል። ድዱ ከደነዘዘ በኋላ ጥርሱ ሲነቀል ነቅቶ ያያል እንጂ ሥቃዩ አይሰማውም። ከጉንችሬ እስከ አዲስ አበባ የተለመደው ይህ ዘዴ ግን የዛሬ መቶ አምሳ ዓመት በየትኛውም አገር ሐኪም ቤት አይታወቅም ነበር። ለዚህ ዘዴ መንገድ የከፈተው ካርል ኮለር ነው።

ኮለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 ዓ.ም. በቦሔምያ ተወለደ። በቪየና ከተማ ሕክምና ተምሮ በዚያው በትልቁ ሆስፒታል ተቀጠረ። በዚያ ዘመን የዓይን ቀዶ ሕክምና ከባድ ፈተና ነበር። ሕመምተኛውን በኤተር ማስተኛት ቢቻልም፣ ሲነቃ ስለሚያስታውከው ገና ያልጠገገው ዓይን ይጎዳ ነበር። ሳይተኛ ከተቀደደ ደግሞ ሥቃዩን መቋቋም ያቅተው ነበር። ስለዚህ ኮለር ዓይንን ብቻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይፈልግ ጀመር።

በ1884 ዓ.ም. ባልደረባው ሲግመንድ ፍሮይድ በደቡብ አሜሪካ ከሚታኘከው የኮካ ቅጠል የሚገኘውን ኮኬይን ያጠና ነበር። ይህ ቅመም ምላስን እንደሚያደነዝዝ ብዙዎች ቀምሰው ቢያውቁም ነገሩን ችላ ብለው አልፈውታል። ኮለር ግን ምላስን ያደነዘዘው ቅመም ዓይንንም ሊያደነዝዝ እንደሚችል አሰበ። በመጀመሪያ በእንቁራሪት፣ ቀጥሎም በጥንቸልና በውሻ ዓይን ላይ ሞከረው። በመጨረሻ በገዛ ዓይኑ ላይ ጠብ አድርጎ በስፒል ራስ ቢነካው ምንም አልተሰማውም።

ግኝቱ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1884 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ከተማ ለተሰበሰቡ የዓይን ሐኪሞች ቀረበ። ኮለር ግን የመጓጓዣ ገንዘብ ስላልነበረው ጽሑፉን ሌላ ሐኪም አነበበለት። ዝናው በዓለም ቢሰማም የተመኘውን ሥራ በቪየና አላገኘም። በ1885 ዓ.ም. በአይሁድነቱ ከሰደበው ሐኪም ጋር በጎራዴ ተጋጥሞ አቆሰለው። ከዚያም አገሩን ለቆ በ1888 ዓ.ም. ኒውዮርክ ገባ። በዚያም በዓይን ሐኪምነት ሲያገለግል ኖሮ በ1944 ዓ.ም. ዐረፈ።

ኮኬይን ሱስ የሚያስይዝና መርዛማ በመሆኑ፣ በ1905 ዓ.ም. ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አልፍሬድ አይንሆርን የሠራው ኖቮኬይን በሥራ ላይ ዋለ። ሁለቱም ኤስተር ከሚባሉት ውሁዶች ወገን ሲሆኑ፣ የሕመም መልእክት በነርቭ አልፎ ወደ አንጎል እንዳይደርስ ያግዳሉ። ዛሬ በብዙ ሕክምና ሊዶኬይን ቢተካቸውም፣ የእነርሱ ወገን የሆነው ቴትራኬይን አሁንም ዓይንን ለማደንዘዝ ያገለግላል።

ኮለር ያገኘው ከሌሎች ዓይን የተሰወረ ነገር አልነበረም። ብዙዎች ቀምሰው ያለፉትን እርሱ ቆም ብሎ መረመረው፤ ውጤቱም ለሰው ልጅ ሁሉ ተረፈ።