የመጀመሪያው የአይሮፕላን መካኒክ፤ የቻርልስ ቴይለር አጭር የሕይወት ታሪክ

ስለ አይሮፕላን አጀማመር ጥቂት የተማረ ሰው ሁሉ ዊልበር ራይትና ኦርቪል ራይት የተባሉትን ሁለት ወንድማማች ያውቃል። ዳሩ ግን ያን የመጀመሪያ አይሮፕላን ከመሬት ያነሣውን ሞተር በእጁ የሠራው ማን ነው ተብለን ብንጠየቅ፤ ስሙን ለመጥራት የምንችል ጥቂቶች ነን። ይህ ሰው ቻርልስ ቴይለር ይባላል። ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፤ ከመካከላችን የአይሮፕላን ጥገና ሙያ ለመማር የሚመኙ ብዙዎች ስለ ሆኑ፤ የዚህን ባለ ሙያ ታሪክ ለተማሪዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች ለማቅረብ ወደድን። ስለ ቴይለር በምንተርክበት ክፍል ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ልደቱና ወጣትነቱ

ቻርልስ ኤድዋርድ ቴይለር ሜይ 24 ቀን 1868 በአሜሪካ አገር፥ በኢሊኖይ ግዛት፥ ሴሮ ጎርዶ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ቤተ ሰቡ ወደ ነብራስካ ግዛት ተዛውረው በሊንከን ከተማ ተቀመጡ። በ12 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በአንድ የጋዜጣ ድርጅት ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ስለዚህ እኛ ዛሬ በተቀመጥንበት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ለመቀመጥ ዕድል አላገኘም። ነገር ግን ለመሣሪያ ልዩ ፍቅር ስለ ነበረው የብረት ሥራ ተማረና፤ ብረትን በልክ እየቀረጸ መሣሪያ የሚያወጣ ጥሩ ባለ እጅ ሆነ። ከዚህ በኋላ ሄንሪዬታ ዌበርት የተባለች ሴት አገባና በ1896 ገደማ ወደ ኦሃዮ ግዛት፥ ወደ ዴይተን ከተማ ሄዶ ኑሮውን በዚያ መሠረተ።

በዴይተን ከተማ የራይት ወንድማማች ቢስክሌት የሚሸጡበትና የሚጠግኑበት ሱቅ ነበራቸው። ቴይለር አስቀድሞ የቢስክሌት ዕቃ እየሠራ ያቀርብላቸው ስለ ነበር የእጁን ጥራት አይተውት ነበር። በ1901 በጁን ወር በሰዓት 30 ሳንቲም ሊከፍሉት ተስማምተው ቀጠሩት። የቀጠሩትም እነርሱ ሞተር በሌለው ተንሳፋፊ ክንፍ መብረርን ለመሞከር ኪቲ ሆክ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ሲሄዱ፤ ሱቁን በታማኝነት የሚጠብቅላቸው ሰው ስላስፈለጋቸው ነበር።

ሞተሩ እንዴት እንደ ተሠራ

በ1902 መጨረሻ ላይ ወንድማማቾቹ ክንፉንና መሪውን አስተካክለው ስለ ጨረሱ የቀራቸው ነገር ሞተር ብቻ ሆነ። የፈለጉት ቢያንስ 8 የፈረስ ጉልበት ያለውና ክብደቱ ከ90 ኪሎ ግራም ገደማ የማይበልጥ ሞተር ነበር። ለብዙ ሞተር ሠሪዎች ደብዳቤ ጻፉ፤ ዳሩ ግን የሚስማማቸውን ሞተር ሠርቶ ለማቅረብ የሚችል አላገኙም። ስለዚህ በራሳቸው ሱቅ ለመሥራት ቆረጡ፤ ሥራውም በቴይለር ላይ ወደቀ። ቴይለር ከዚያ በፊት አንድ የመኪና ሞተር ለመጠገን ከመሞከሩ በቀር ስለ ቤንዚን ሞተር የነበረው ልምድ እጅግ ጥቂት ነበር። በደንብ የተነደፈ ፕላንም አልነበረም። ሦስቱ ሰዎች ስለ አንዱ ዕቃ ይመካከራሉ፤ አንዳቸው በቁራጭ ወረቀት ላይ ይነድፉታል፤ ቴይለርም ወረቀቱን ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ሰክቶ እያየ ይሠራው ነበር። የነበሩት ዋና መሣሪያዎችም አንድ ቶርኖና አንድ ትራፓኖ ብቻ ነበሩ።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት የሞተርን አሠራር በአጭሩ ማወቅ ያስፈልጋል። በሲሊንደር ውስጥ ፒስቶን ወደ ታች ሲወርድ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ይስባል፤ ሲመለስ ያንን ድብልቅ ያምቀዋል፤ ከዚያ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ድብልቁን ሲያቀጣጥለው ኃይሉ ፒስቶኑን ይገፋዋል፤ በአራተኛው ጉዞ የተቃጠለው ጭስ ይወጣል። ይህን የፒስቶን መመላለስ ወደ መሽከርከር የሚለውጠው ጠማማው የብረት ዘንግ፤ መካኒኮቻችን ኮሎ የሚሉት ነው። ኮሎው ሚዛኑን ካልጠበቀ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ ብሎን ይላላል፥ ብረት ይሰነጠቃል።

ቴይለር ይህን ኮሎ የቀረጸው ከአንድ ድፍን የብረት ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋው 79 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፥ 15 ሳንቲ ሜትር ወርድና 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ነበረው። በመጀመሪያ የኮሎውን ቅርጽ በብረቱ ላይ ነደፈ፤ ቀጥሎ በንድፉ ዙሪያ በትራፓኖ ቀዳዳ አስከትሎ በሳ፤ ትርፉን ብረት በመዶሻ መትቶ አወጣ፤ በመጨረሻም በቶርኖ ላይ አዙሮ አስተካከለው። ሲያልቅ 9 ኪሎ ግራም ያህል መዘነ፤ ሚዛኑም ትክክል ሆኖ ተገኘ።

የሞተሩ አካል ክብደት ለመቀነስ ሲባል ከአሉሚኒየም እንዲቀልጥ ተደረገ። አራቱ ሲሊንደሮች በጎናቸው ተጋድመው ተቀመጡ። ዛሬ እንደምናውቀው ያለ ካርቡራቶር አልነበረውም፤ ቤንዚኑ ከፍ ብሎ ከታሰረ ትንሽ ቆርቆሮ በራሱ ክብደት እየወረደ በሞተሩ ትኩሳት ይተን ነበር። ካንዴላም አልነበረም፤ ብልጭታው የሚገኘው በሲሊንደሩ ውስጥ ሁለት ጫፎች እየተገናኙ ሲለያዩ ነበር። ይህ ሁሉ በስድስት ሳምንት ተሠርቶ አለቀ።

ሞተሩ በፌብሩዋሪ ወር 1903 ተነሣ። ነገር ግን በማግሥቱ ቤንዚን በኩሽኔታው ላይ ስለ ተንጠባጠበ ቅባቱን አጠበውና ኩሽኔታው ነክሶ ያዘ፤ የአሉሚኒየሙ አካልም ተሰበረ። ሌላ አካል እስኪቀልጥ ሁለት ወር ያህል ጠበቁና ቴይለር ሞተሩን እንደገና ገጠመው። በዚህ ጊዜ ሲነሣ 16 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጥ ነበር፤ ሲሞቅ ግን የሚገባው አየር በሙቀት ስለሚሳሳ ወደ 12 ይወርድ ነበር። የተፈለገው 8 ስለ ነበር ይህ ከበቂ በላይ ሆነ።

ሞተሩ ሁለቱን ፕሮፔለሮች የሚያዞረው እንደ ቢስክሌት በካቴና ነበር። ፕሮፔለሮቹ የሚዞሩባቸው ዘንጎች በኪቲ ሆክ በሙከራ ላይ ተበላሽተው ወደ ዴይተን ለቴይለር ተላኩ፤ እርሱም አጠንክሮ መለሳቸው። እንደገና በተሰነጠቁ ጊዜ ኦርቪል ራሱ ወደ ዴይተን ተመልሶ ባዶ ውስጥ ያላቸው ዘንጎች በድፍን ብረት ተተኩ። ዲሴምበር 17 ቀን 1903 አይሮፕላኑ አራት ጊዜ በረረ። የመጀመሪያው በረራ 12 ሴኮንድና 37 ሜትር ያህል፤ የመጨረሻው 59 ሴኮንድና 260 ሜትር ያህል ነበር። ቴይለር በዚያ ቀን በስፍራው አልነበረም፤ በዴይተን ሱቁን ይጠብቅ ነበር።

መካኒኩና የሰው ሕይወት

በ1904 እና በ1905 ወንድማማቾቹ በዴይተን አጠገብ በሚገኘው በሃፍማን ሜዳ ላይ ሲበሩ አይሮፕላኑን የሚጠብቅና የሚጠግን ቴይለር ነበር። ኦክቶበር 5 ቀን 1905 አይሮፕላኑ ሳያርፍ 39 ደቂቃ ያህል በአየር ላይ ቆየ። ሞተር ለዚህን ያህል ጊዜ ሳይቋረጥ እንዲሠራ መሬት ላይ የሚደረግለት ጥንቃቄ ወሳኝ ነው። ቴይለር ራሱም አብራሪ ለመሆን ይመኝ ነበር፤ ሆኖም ወንድማማቾቹ የሚፈልጉት በምድር ላይ፥ በሞተሩ አጠገብ ስለ ነበረ አላበረታቱትም። ስለዚህ ሌሎች እንዲበሩ ሲያደርግ ኖረ እንጂ እርሱ አብራሪ አልሆነም።

ሴፕቴምበር 17 ቀን 1908 በዋሽንግተን አጠገብ በፎርት ማየር ከባድ አደጋ ደረሰ። ኦርቪል ቶማስ ሰልፍሪጅ የተባለውን የጦር መኮንን አሳፍሮ ሲበር አይሮፕላኑ ወደቀ። ሰልፍሪጅ ሞተ፤ በሞተር አይሮፕላን አደጋ ከሞቱት ሰዎችም የመጀመሪያው ሆነ። የኦርቪል እግሩና የጎን አጥንቶቹ ተሰበሩ። ቴይለር ሮጠው ከደረሱት ሰዎች አንዱ ነበር፤ ኦርቪልን ከስብርባሪው ካወጡ በኋላ የተሰበረውን አይሮፕላን ተደግፎ አለቀሰ።

ነገር ግን ልቅሶው ከሥራው አላገደውም። ስብርባሪው ተመርምሮ የተሰበረው ፕሮፔለር በሆስፒታል ተኝቶ ወደ ነበረው ወደ ኦርቪል ተወሰደ። ምክንያቱም ታወቀ፤ ይኸውም አንዱ ፕሮፔለር ተሰንጥቆ መንቀጥቀጥ ስለ ጀመረ የኋላውን መሪ የያዘውን ሽቦ መትቶ በጠሰው፤ ስለዚህ አይሮፕላኑ መሪ አጣ። ከዚህ ታሪክ ሁለት የጥገና መሠረቶችን እንማራለን። አንደኛው፤ ትንሽ ስንጥቅ ትልቅ አደጋ ስለሚወልድ መካኒክ ከበረራ በፊት እያንዳንዱን ክፍል በዓይኑ ማየትና በእጁ መዳሰስ አለበት። ሁለተኛው፤ የተሰበረ ዕቃ ምክንያቱ ሳይታወቅ አይጣልም፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ብልሽት ተመልሶ ይመጣልና።

በ1911 ካልብሬዝ ሮጀርስ የተባለ አብራሪ አሜሪካን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ በአይሮፕላን ለማቋረጥ በተነሣ ጊዜ ቴይለርን በቀን 10 ዶላር ቀጠረው። መካኒኮቹ መለዋወጫ በተጫነበት ልዩ ባቡር አይሮፕላኑን ይከተሉ ነበር። ሮጀርስ በመንገድ ብዙ ጊዜ ወደቀ፤ በወደቀም ቁጥር አይሮፕላኑን አድሰው ያስነሡለት ነበር። ካሊፎርኒያ በደረሰ ጊዜ ከኒው ዮርክ ከተነሣው አይሮፕላን ሳይለወጥ የቀረው ዕቃ ጥቂት ነበር። በዚህ በረራ ስሙ የታወቀው ግን የአብራሪው ነው።

የመጨረሻው ዘመኑ

ዊልበር በ1912 በተስቦ ሞተ፤ ኦርቪልም በ1915 ኩባንያውን ሸጠ። ቴይለር በዴይተን ጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ በ1928 ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ። ወዲያው የገንዘብ ችግር ዘመን መጣና ሱቁ ተዘጋ፤ መሬት የገዛበትም ገንዘብ ጠፋ፤ ሚስቱም ሞተች። ስለዚህ በሎስ አንጀለስ በአንድ የአይሮፕላን ፋብሪካ በሰዓት 37 ሳንቲም ተኩል ተቀጠረ። የመጀመሪያውን የአይሮፕላን ሞተር በሠራበት ዘመን በሰዓት 30 ሳንቲም ያገኝ እንደ ነበር እናስታውስ። አጠገቡ ቆመው የሚሠሩት ሰዎች ማን እንደ ሆነ አያውቁም ነበር፤ እርሱም ስለ ራሱ አይናገርም ነበር።

በ1930ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሄንሪ ፎርድ የራይትን ቤትና የቢስክሌት ሱቅ ለታሪክ መታሰቢያ ሲያሳድስ ቴይለርን አስፈልጎ አገኘው። ቴይለርም ሱቁን እንደ ቀድሞው እያደራጀ እስከ 1941 በዚያ ሠራ። ከዚያ ወደ ካሊፎርኒያ ተመልሶ በጦርነቱ ጊዜ በፋብሪካ ሲሠራ በ1945 የልብ ሕመም ያዘውና ሥራ አቆመ። በ1948 የሞተው ኦርቪል በዓመት 800 ዶላር እንዲሰጠው ተናዞለት ነበር፤ ዳሩ ግን የኑሮ ውድነት ያንን ገንዘብ አሳነሰው። በ1955 ቴይለር በሎስ አንጀለስ በድሆች ሕክምና ክፍል ተኝቶ ተገኘ። ይህ በተሰማ ጊዜ የአይሮፕላን ሥራ ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው ወደ ተሻለ ስፍራ አዛወሩት። ጃንዋሪ 30 ቀን 1956 በ87 ዓመቱ ሞተ። መቃብሩም በካሊፎርኒያ ለአቪዬሽን መታሰቢያ በተሠራው ሕንፃ ውስጥ ነው።

ዛሬ አሜሪካ ለ50 ዓመት በዚህ ሙያ ላገለገለ መካኒክ በቻርልስ ቴይለር ስም የተሰየመ ሽልማት ትሰጣለች፤ የተወለደበት ቀን ሜይ 24ም የአይሮፕላን ጥገና ባለ ሙያዎች ቀን ሆኖ ይታሰባል። ክብሩ የመጣው ግን እርሱ ሊያየው ከማይችልበት ጊዜ በኋላ ነው።

እኛም ይህን ታሪክ ስናነብ አገራችንን ማሰብ ይገባናል። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻና ጦር የሠራልን ሰው በጥንት ዘመን ይናቅ እንደ ነበር ወላጆቻችን ያውቃሉ። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፤ ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአዲስ አበባ የአይሮፕላን መካኒኮችን ያሠለጥናል፤ በዚያ ለመግባት የሚፈልግ ተማሪ ፊዚክስና ሒሳብ አጥንቶ መዘጋጀት አለበት። ወላጆችም ልጃቸው የእጅ ሙያ መረጥሁ ሲል ቅር እንዳይላቸው እንለምናለን። መንገደኛው አይሮፕላን ውስጥ ሲገባ የመካኒኩን ስም አይጠይቅም፤ ነገር ግን ነፍሱን የሚሰጠው ሌሊት ብሎኑን አጥብቆ፥ ሽቦውን ዳስሶ፥ ዘይቱን ለክቶ ለፈረመው ለዚያ ለማያውቀው ሰው ነው።